የእሱ ድምፅ የሌለበት ቅጂ

ሟቹ ዳኛ ከጎረቤት ጣሪያ ወደ ሰው ግቢ ስለሚወርድ የዝናብ ውሃ እያስረዱ ነበር። «ዝናቡን መክሰስ አትችልም፣ ወዳጄ፤ የአሸንዳውን ባለቤት ግን ትችላለህ» አሉና እንደ ልማዳቸው ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ ሲሉ ድምፃቸው ተቆረጠ። በምትኩ የጥሪ ደወል ጮኸ። ቀጥሎ የሴት ድምፅ መጣ፤ ቅርብ፣ ሙሉ፣ ጆሮ ሥር ቆሞ የሚናገር ያህል።

«ሄሎ? የኔ ጌታ፣ ይሰማል?»

ልጅቷ ማውዙን ለቀቀችው።

ሰፈሩ «ጆሮ» ነው የሚላት። ከታላቅ እህቷ ፀጉር ቤት ጎን፣ በኮምፔንሳቶ በተከፈለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ የጆሮ ማዳመጫ አጥልቃ ስለምትውል የወጣላት ስም ነው፤ እሷም አልጠላችውም። ሥራዋ ኮምፒውተር የሚያሰማውን ድምፅ መቅዳት ነው። በኢንተርኔት ብቻ የሚተላለፍ ሬዲዮ፣ ሊሰማ እንጂ ሊወርድ የማይችል ትምህርት፣ ሰው ዳግመኛ አላገኘውም ብሎ የሚሰጋለት ንግግር ሁሉ ወደሷ ይመጣል። ማንም አላስተማራትም። የተበላሹ ኮምፒውተሮችን እየፈታች፣ እየገጠመች፣ አንዳንዴም እያቃጠለች የደረሰችበት ነው፤ ስለዚህ ማንም ሊያስተምራት ሲሞክር ደሟ ይፈላል።

አሠራሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። የድምፅ ካርዱ ከማይክሮፎን መቀበሉን ትቶ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚልከውን መልሶ እንዲቀበል ይታዘዛል። ከዚያ ወዲያ ካርዱ ምርጫ አያውቅም፤ ኮምፒውተሩ ያሰማውን ሁሉ ይውጣል። ሙዚቃም ይሁን፣ የመልእክት ደወልም ይሁን፣ ሳይታሰብ የገባ ጥሪም ይሁን። ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ግን ቢጮህ፣ ቢዘፍን፣ ቢያስነጥስ፣ ለካርዱ እንዳልተፈጠረ ነው።

የእሷና የሟቹ ዳኛ ልጅ ፍቅርም የገባው በዚሁ ቀዳዳ ነበር።

የዳኛው ልጅ ጥርስ ሐኪም ነው። አባቱ ጡረታ ከወጡ በኋላ በአንድ የኢንተርኔት ሬዲዮ ላይ ለአድማጮች የሕግ ጥያቄ መልስ ይሰጡ ነበር፤ ንግግራቸው በሬዲዮው ገጽ ላይ ይሰማል እንጂ አይወርድም። ዳኛው ሞቱ፤ ብዙም ሳይቆይ ሬዲዮው ሊዘጋ ነው ተባለ። እናትየው ወይዘሮ «ድምፁም ከጠፋ ሁለተኛ ቀበርኩት ማለት ነው» እያሉ ሲያለቅሱ፣ ልጅየው ጠይቆ አጠያይቆ ጆሮን አገኛት። የሱቋ ኢንተርኔት ስለሚቆራረጥ፣ ቅጂው በዳኛው የሥራ ክፍል፣ በዳኛው ኮምፒውተር እንዲሆን ተስማሙ። ወይዘሮዋ ልጅቷን ያዩዋት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በር ላይ፣ ሽቦዎቿን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ነው። ከዚያ ሴት ልጃቸው ወልዳ ስለነበር ወደ ሩቅ ከተማ ሄዱ።

የአንድ ሰዓት ንግግር ለመቅዳት አንድ ሰዓት መቀመጥ ግድ ነው፤ አቋራጭ የለውም። ኮምፒውተሩ አይነካም፣ ሌላ ነገር አይከፈትበትም። መጀመሪያ ቀን ሐኪሙ በእግሩ ጣቶች እየተራመደ ሻይ አመጣላትና አፉን ወደ ጆሮዋ አስጠግቶ «ስኳር ስንት ላድርግልሽ?» ብሎ አንሾካሾከ።

«ዶክተር፣ ማንን ፈርተህ ነው?» አለችው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ማይኩ ዝግ ነው። ካሰኘህ ዝፈን።»

አልዘፈነም፤ ማውራት ግን ጀመረ። ዳኛው ስለ ድንበር አጥር፣ ስለ ክፉ ተከራይ፣ ስለ ጠፋ ውሻ ሲያስረዱ ሁለቱ ከሥር ከሥር ያወጉ ነበር።

«ሥራዬ ጥርስ ማየት ነው» አላት አንድ ቀን። «አንቺ ስትስቂ ግን የማየው ዓይንሽን ነው።»

«ይሄንን ለስንቱ ታካሚ ብለኸዋል?»

«ለማንም። አፋቸውን ከፍተው ስለሚተኙ መመለስ አይችሉም። እኔ ደግሞ መልስ እፈልጋለሁ።»

መልሱን ሰጠችው። ሰጥታውም ደነገጠች፤ ለማንም ቶሎ ብላ የምትሰጠው ነገር አልነበራትማ። ያ ሁሉ ቃል፣ ያ ሁሉ ሳቅ፣ «እማዬ ስትመለስ እጅሽን ይዤ ፊቷ አቆምሽና እነግራታለሁ» ያለው ሁሉ፣ አንዱም ቅጂው ውስጥ የለም። ቅጂው ውስጥ ያሉት ዳኛው ብቻ ናቸው።

እስከ ትናንት ድረስ። ትናንት የመጨረሻውን ንግግር ቅጂ እንዳስጀመረች እህቷ በአስቸኳይ ጠራቻት። «እስኪያልቅ ጠብቅልኝ፤ ምንም እንዳትነካ» ብላው ሄደች። እሱ ግን የእናቱ ጥሪ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል የአባቱን ንግግር አቆመና፣ ለጥሪ እንጂ ለቅጂው በማይሠራው ማይክ መለሰ። ካርዱ እየቀዳ መሆኑን ጭራሽ ረሳው። እና አሁን ጆሮ ሱቋ ቁጭ ብላ ቅጂውን ስታጣራ፣ ከወይዘሮዋ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች።

«አጎትህ ደውሎ የነገረኝ ነገር ልቤን አወለቀው» አሉ ወይዘሮዋ።

ዝምታ። ስክሪኑ ላይ ድምፅን የምታሳየው መስመር ቀጥ ብላ ሄደች። እሱ እየተናገረ ነው፤ ካርዱ ግን አይሰማውም።

«እንዴት ምን ይለኛል! አባትህ ክፍል ውስጥ ከአንዲት ልጅ ጋር ተዘግቶ ይውላል አለኝ እንጂ! ማናት?»

ዝምታ።

«ቅጂ የምትሠራዋ? ያቺ ሽቦ በአንገቷ ጠምጥማ የምትመጣዋ? የፀጉር ሠሪዋ እህት?»

ዝምታ።

«እኔ ምን አውቄ! እውነቱን ንገረኝ፣ የኔ ጌታ። ልታገባት ነው?»

እንደገና ዝምታ። ይሄኛው አጭር ነበር፤ ሁለት ቃል ቢባልበት የሚሞላ።

ወይዘሮዋ ሳቁ። እንዴት ያለ ሳቅ! ሸክም ያወረደ፣ ትከሻው የቀለለው ሰው ሳቅ። «እኔስ ብዬ ነበር! የኔ ልጅ! ዝም ብለህ ነው እኮ ያስፈራራኸኝ። በል ሥራዋን ጨርሳ ትሂድልን። እስከዚያ ግን እንዳታስቀይማት፤ የአባትህ ድምፅ በእጇ ነው።»

ዝምታ።

«እሺ በል፣ ቻው የኔ ጌታ።»

ዳኛውም ምንም እንዳልተፈጠረ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ አሸንዳው ተመለሱ።

ጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሽቦ መባሏ አልነበረም ያንገበገባት። ሽቦ ትጠመጥማለች፤ በሽቦ እንጀራዋን ትበላለች፤ ማንም ከአንገቷ አያወርድባትም። ያንገበገባት ያቺ አጭር መስመር ናት፤ ያቺና ከኋላዋ ተከትሎ የመጣው ሳቅ። ሌላ ሴት ብትሆን «የሱ ድምፅ እኮ የለበትም፣ ምን እንዳለ ማን ያውቃል?» ብላ ራሷን ታታልል ነበር። ጆሮ ግን ይሄንን ለደንበኞቿ ስታስረዳ ምላሷ የደረቀ ሰው ናት፤ ያልተቀዳ ነገር አልተባለም ማለት አይደለም። የትኛዋ እናት ናት ልጇ «አዎ፣ አገባታለሁ» ሲላት እንዲህ የምትስቀው?

«የአባትህ ድምፅ በእጇ ነው!» አለች ለራሷ። እና ሻዩ? ያ ዓይንሽን ነው የማየው ማለቱ? ለካ እንዳልቀየም ኖሯል!

እህቷ አንገቷን በመጋረጃው አስገባች፤ አፏ ላይ የፀጉር መርፌ እንደነከሰች። «ምነው? የሞተ ሰው ነው የምትቀጂው ወይስ አንቺው ሞተሻል?»

«ምንም የለም፣ እትዬ።»

«ምንም የለም የሚል ሰው ጠረጴዛ አይደበድብም። ደንበኞቼ ፈንጂ መስሏቸዋል።»

ጆሮ እጇን አየችው። ጡጫዋን ጨብጣ ነበር፤ መቼ እንደጨበጠችው አላወቀችም።

ሐኪሙ በምሳ ሰዓት መጣ፤ ነጭ ጋውኑን አጥፎ ብብቱ ሥር ወሽቆ፣ ፊቱ በሳቅ ተሞልቶ።

«ጥርስ ነቃዩ መጣልሽ!» አለች እህቷ ከመጋረጃው ወዲያ፣ የፀጉር ማድረቂያው ጩኸት ላይ እየጮኸች።

«ቁጭ በል» አለችው ጆሮ።

«ምነው? ሰላምታም የለ?»

«ቁጭ በል አልኩህ እኮ።»

ተቀመጠ። ማዳመጫውን ራሷ አጠለቀችለት። እንደዚያ ስታደርግ ጣቷ ጆሮውን ነካው፤ እሱም ለአፍታ ዓይኑን ጨፈነ። ያ አስጠላት። ድምፁን ለቀቀችበትና ፊቱን ማየት ጀመረች። ደወሉ ላይ ግራ ተጋባ። «ሄሎ? የኔ ጌታ» ላይ ነቃ። «ሽቦ በአንገቷ» ላይ ዓይኑን ሰበረ። ሳቁ ጋ ሲደርስ ደም ከፊቱ ሸሸ። እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«የኔ ድምፅ እኮ የለበትም…» አለ ማዳመጫውን እያወለቀ።

«ለኔ ነው የምታስረዳው? ለኔ?»

«አይ፣ ማለቴ…»

«ማለትህን ተወው። ያልከውን ንገረኝ።» ጣቷን ስክሪኑ ላይ፣ አጭሯ መስመር ላይ አሳረፈች። «እዚህ ጋ። ‹ልታገባት ነው?› ብለው ጠየቁህ። ከዚያ ይቺ አለች። ምን አልክ?»

«ደክሟት ነበር። ሌሊቱን ከሕፃኑ ጋር ስላደረች…»

«የእናትህን ድካም አልጠየቅኩህም። እሱን ሰምቼዋለሁ፤ ተቀድቷል። እኔ የጠየቅኩህ ያልተቀዳውን ነው።»

ጋውኑን ከብብቱ አወጣው፤ መልሶ አጠፈው፤ እንደገና ፈታው። መዋሸት ይችል ነበር። እዚያች መስመር ውስጥ የፈለገውን ቢከት የሚያስተባብል ማስረጃ የለም። ሁለቱም ይሄንን ያውቃሉ። ጆሮ በልቧ፣ በጣም በተናደደው ልቧ፣ እስቲ ይዋሽ ብላ የተመኘችበት አንድ ቅጽበት ነበር፤ በዚያም በራሷ ላይ ተናደደች።

«‹ምን ነክቶኝ!› አልኩ» አለ።

እህቷ ማድረቂያውን ያጠፋችው ልክ በዚያች ቅጽበት ነው። የሐኪሙ ቃል በሁለቱም ክፍል ተሰማ። ከመጋረጃው ወዲያ አንዷ ሴት «ውይ!» አለች።

«ምን ነክቶህ» አለች ጆሮ ቀስ ብላ። «ጉንፋን አድርገኸኝ አረፍከው፣ ዶክተር። ጉንፋን እንኳ ሲይዝህ አትክደውም፤ ታስነጥሳለህ።»

«ፈራሁ። አልክድም፣ ፈራሁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ድምፅዋ ሲሰበር መስማት አልችልም። ስትመለስ ፊት ለፊት…»

«የሳቸው ድምፅ እንዳይሰበር የኔ ይሰበር? እሱ ነው የመጣልህ መፍትሔ? እኔ እኮ ክፍሉ ውስጥ አልነበርኩም! ሰው በሌለበት ነው ሰው የሚከበረው፤ ባለበትማ ማን ያቅተዋል? ፊቴ ቆመህ ዓይንሽ ምንሽ ስትለኝ የከረምክ ሰውዬ፣ ዞር ስል ‹ሠራተኛ ናት፣ ጨርሳ ትሄዳለች›!»

«ሠራተኛ አላልኩም!»

«ወዲያኛው መስመር ላይስ?» ጣቷን ወደ ኋላ መለሰች። «ማናት ብለው ሲጠይቁህ?»

ዝም አለ። ይሄኛው ዝምታ ማስረጃ አያስፈልገውም ነበር።

«እንዲህ ነው እንጂ» አለች። ተነስታ በሩን ከፈተችለት። «አባትህ አላስቀየሙኝም። ድምፃቸው አንዲት ቃል ሳትጎድል ይደርሳችኋል። ለእናትህ ንገራቸው፤ አይስጉ፣ ሽቦ ጠምጣሚዋ የሙት ድምፅ አታግትም በላቸው። አንተም ከዛሬ ጀምሮ እኔን ላለማስቀየም አትልፋ።»

ወጣ። በመስኮቱ አየችው፤ መንገዱ ማዶ ቆሞ ጋውኑን እየለበሰ፣ እጅጌው እምቢ እያለው። ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅበት ነበር።

ከዚያ ሥራዋን ሠራች። የወይዘሮዋን ጥሪ ከዳኛው ንግግር መሃል ቆርጣ አወጣችው፤ ጫፍና ጫፉን አገናኝታ መጋጠሚያው እስኪጠፋ አለሰለሰችው። የተቆረጠውን ከማጥፋቷ በፊት አጭሯን መስመር ብቻ አንድ ጊዜ ደግማ ሰማቻት። ድምፅ የሌለበት ቦታ ሰውን እንዲህ እንደሚያደነቁር አታውቅም ነበር።

መልእክት ላከ፤ አላነበበችም። ደወለ፤ አላነሳችም። እህቷ «ቢያንስ ስድብ ላኪለት፣ ሰው ነው» አለቻት፤ እሱንም አልሰማችም። አንድ ከሰዓት በኋላ ራሱ መጣ፤ ደጃፉን ሳይሻገር ቆመና እጁን ዘረጋ። መዳፉ ላይ ፍላሽ አለ።

«ነገርኳት» አለ። «ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። አሁን ደግሞ ማይኩንም ከፍቼ ነው የቀዳሁት፤ የሷም የኔም ድምፅ አለበት። ቀጥ ያለ መስመር የለውም። ስሚውና ፍረጂ።»

ልቧ ዘለለ። እውነቱን ለመናገር ልቧ ብቻ አይደለም፤ እጇም ዘሎ ፍላሹን ተቀብሏል። ከኪሱ ሙቀት ነበረው። ትከተዋለች፣ ትከፍተዋለች፣ ያቺን የተመኘቻትን ቃል በራሱ ድምፅ ትሰማለች። ወንበሯ ላይ ልትቀመጥ ስትል ግን አንድ ነገር ወገቧን ያዛት።

«እናትህ እየተቀዱ መሆናቸውን ያውቃሉ?»

«ማን? እማዬ?»

«እህሳ፣ ማንን ልጠይቅህ!»

«እ… አታውቅም። ብነግራት እንደ ልቧ አትናገርም ነበር።»

«ወይ አንተ ሰውዬ!» አለች ጆሮ፤ ቁጣዋ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ጣሪያ ነካ። «እኔ እኮ በስህተት የተቀዳ ሰምቼ ነው እንዲህ የነደድኩት! አንተ ሆን ብለህ! የገዛ እናትህን! ባል የሞተባቸውን ሴት አድብተህ ቀድተህ ለኔ ስጦታ ታመጣለህ?»

«እንድታምኚኝ ነው!»

«ማስረጃ አምጣ ብዬሃለሁ? እኔ ችሎት ነኝ? የዳኛ ልጅ ስለሆንክ ሴት ልጅን በማስረጃ የምትረታ መሰለህ? እኔ ያጣሁት ቅጂ አይደለም፤ ቅጂማ ሥራዬ ነው! እኔ ያጣሁት ሰው ነው!»

እህቷ ማበጠሪያ እንደያዘች ብቅ አለች። «ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። አንቺ ካልፈለግሽው እኔ ልስማዋ? እኔ ምንም አልቀየምም።»

«እትዬ!»

«ኧረ ይቅር! ሰው ቢጨነቅላችሁ…» ማጉረምረሟን ይዛ ተመለሰች። ወዲያ ማዶ ደንበኞቿ «ምን አላት? ምን አለች?» ሲሉ ይሰማል።

ጆሮ ፍላሹን መዳፉ ላይ መልሳ አስቀመጠችውና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችበት። «ሂድ፣ እናትህን ይቅርታ ጠይቅ» አለችው። «እኔን ተወኝ።»

ሄደ። እሷም ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ የጣቶቿ ጫፍ ግን የዚያን ፍላሽ ሙቀት እምቢ ብሎ ያዘው። መስማት ፈልጋ ነበር። እንዴት አድርጋ ፈልጋ ነበር!

ወይዘሮዋ ከሩቁ ከተማ እንደተመለሱ ቅጂውን ለመውሰድ ራሳቸው መጡ። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰው፣ ቀጥ ብለው፣ ልጃቸው ከኋላቸው እንደ ተቀጣ ተማሪ እየተከተላቸው። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ወሬያቸውን ዋጡ። እህቷም ብልህ ነችና መጋረጃውን ሙሉ ለሙሉ ሰበሰበችው፤ «ሙቀት ስለሆነ ነው» እያለች።

«ጆሮ የሚሉሽ አንቺ ነሽ?» አሉ ወይዘሮዋ።

«እኔ ነኝ። ይግቡ፣ ይቀመጡ። ሳይሰሙት አይውሰዱት።»

የራሷን ወንበር ሰጠቻቸው። ማዳመጫውን ራሳቸው አጠለቁት። ወደ ልጁ አላየችም፤ ወደሷ እያየ መሆኑን ግን በጉንጯ ታውቀዋለች። የዳኛው ድምፅ ሲጀምር ወይዘሮዋ ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ የሰው ፊት እንደያዙ። ብዙ ቆዩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ሟቹን እየቀደሙ ይናገሩ ነበር።

«ጉሮሮውን መጥረጉ» አሉ በመጨረሻ፣ ማዳመጫውን ሳያወልቁ፣ ስለዚህ ትንሽ እየጮኹ። «ዕድሜዬን ሙሉ የተቆጣሁት ለዚህ ነው። አላወጣሽውም?»

«ማውጣት ይቻል ነበር። አላወጣሁትም።»

ወይዘሮዋ ማዳመጫውን አወለቁ። ዓይናቸውን ጠረጉ። አቀማመጣቸውን አስተካከሉና እንደ አዲስ አዩዋት፤ ከጫማዋ እስከ ፀጉሯ።

«ልጄ ነግሮኛል» አሉ። «ካንቺ ጋር ስላለው ነገር። ከነገረኝ ወዲህ ኩርፊያ ላይ ነኝ፤ ዛሬም የመጣሁት ለባለቤቴ ድምፅ ብዬ ነው። አልደብቅሽም፤ ለሱ ያሰብኳት ሌላ ዓይነት ልጅ ነበረች።»

«አውቃለሁ» አለች ጆሮ። ልትተወው ትችል ነበር፤ ዋጥ አድርጋ ሰውየውንም እናቱንም ልትሸኝ ትችል ነበር። ግን መዋጥ አልለመደችም። «ሽቦ በአንገቷ የማትጠመጥም።»

የወይዘሮዋ አንገት ቀና አለ። «ምን አልሽ?»

«የእርስዎ ቃል ነው።»

«ይሄንን ለልጄ ብቻ… በስልክ…» ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እሱ አልነገረኝም» አለች ጆሮ። «ኮምፒውተሩ የባለቤትዎን ንግግር እየቀዳ እያለ ደወሉ፤ ድምፅዎ አብሮ ገባ። በስህተት ነው። ቆርጬ አጥፍቼዋለሁ፤ ማንም አይሰማውም። መስማቴ ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው። የተባለው ግን የኔ ጥፋት አይደለም።»

ወይዘሮዋ ቀሉ። ከሀፍረት ይሁን ከቁጣ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር፤ ምናልባት ራሳቸውም አለዩትም።

«እማዬ» አለ ሐኪሙ ከበሩ፤ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። «ሁለተኛውን ደግሞ እኔ ነኝ የቀዳሁት።»

«ሁለተኛው? ሁለተኛም አለው?!»

«ስለሷ የነገርኩሽን ቀን። እንድታምነኝ ብዬ ነው። ይቅርታ ልጠይቅሽ ስፈልግ አላናግርም አልሽኝ…»

«የወለድኩት ልጅ ይቀዳኛል?» ወይዘሮዋ ተነሱ። «ጡቴን ያጠባሁት ልጅ አድብቶ ይቀዳኛል?»

«እኔም ይሄንኑ ነው ያልኩት!» አለች ጆሮ ጠረጴዛውን መታ እያደረገች።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። እንዲህ አንድ ላይ ይናደዳሉ ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም፤ እነሱም።

«ሰማሽው?» አሉ ወይዘሮዋ።

«አልሰማሁትም። መለስኩለት።»

«ለምን?»

«እርስዎ አልፈቀዱማ።»

ወይዘሮዋ ድንገት ልጃቸውን ክንዱን ይዘው ወደ ክፍሉ መሃል ጎተቱት፤ ያ ሁሉ ቁመት እንደ ሕፃን ተጎተተ። «በል ተናገር!» አሉት። «ለኮምፒውተር የተናገርከውን አሁን ለሰው ተናገር! እኔም አለሁ፣ እሷም አለች። በል!»

በወዲያኛው ክፍል የማድረቂያው ጩኸት ቆመ።

«እኔ…» አለ። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉትን ሽቦዎች አየ።

«ግድግዳው አልጠየቀህም» አለች ጆሮ። «እኔ እዚህ ነኝ።»

ዞረ። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሎ ነበር። «ያን ቀን ካድኩሽ» አላት። «እናቴ አላስገደደችኝም፤ እኔው ነኝ የካድኩሽ፤ ለራሴ ሲቀለኝ። ከዚያ ለመካስ ብዬ እሷን በደልኩ። አሁንም እየፈራሁ ነው። ግን እወድሻለሁ። እማዬ፣ እወዳታለሁ። የማገባት እሷን ነው፤ እሺ ካለችኝ። እምቢ ካለችኝም ሌላ ሴት ፍለጋ አትልፊ።»

«ለኛ አልተሰማም!» አለች ፀጉሯ በመጠቅለያ የተሞላ አንዲት ደንበኛ። እህቷ በማበጠሪያው ትከሻዋን ቸብ አደረገቻት፤ ራሷ ግን አንገቷን አስግጋ ነበር።

ወይዘሮዋ ቦርሳቸውን አነሱ። ቅጂውን ቦርሳው ውስጥ ከተቱት፤ ዚፑን ዘጉት፤ መዘጋቱን በጣታቸው አረጋገጡ። «እውነቱን ልንገርሽ» አሏት። «ገና አልለመድኩሽም።»

«እኔም አልለመድኩዎትም።»

«ያልኩትንም ማለት አልነበረብኝም።»

«አልነበረብዎትም» አለች ጆሮ።

በወይዘሮዋ ከንፈር ጥግ ላይ ሳቅ የሚመስል ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። «ውጪ እጠብቅሃለሁ» አሉት ልጃቸውን፣ «ብትዘገይም አልቆጣም» ብለው ወጡ።

ሁለቱ ቀሩ፤ እነዚያን ሁሉ ሴቶች ካልቆጠርናቸው። ጆሮ ለዚህ ቀን ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ምሬት ያለው፣ መልስ የማይገኝለት፣ በየማታው አልጋዋ ላይ ስታሳምረው የከረመችው። አሁን ብትፈልገው የለም።

«ድገመው» አለች።

«ሰምተሽኛል እኮ።»

«ሰምቼሃለሁ። ድገመው።»

ደገመው። በዚህ ጊዜ ግድግዳውን አላየም፤ ድምፁም አልተንቀጠቀጠም። እሷ ላይ ግን አንድ ነገር ተንቀጠቀጠ፤ አገጯ ይሁን ምን። እጇን ይዟት ነበር፤ መቼ እንደያዛት አላወቀችም፤ ወይም እሷ ነበረች የያዘችው።

«አሁንም ተናድጃለሁ» አለችው።

«እሺ።»

«ገና ብዙ ቀን እናደዳለሁ። በማንም ፊት፣ በሌለሁበትም፣ አንዲት ቃል ብትክደኝ…»

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ!» አለችና፣ በማንም ሰው ፊት ተሰብሮ የማያውቀው ድምፅዋ እዚያው ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት፣ ተሰበረ።